የሃስኪስ ደጋፊ ምን አጣ? የተጫዋቾች ክፍያና የኮንፈረንሱ መፍረስ ለየብቻቸው ሲታዩ

ዓርብ ኦገስት 4 ቀን 2023 የሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1915 ከመሠረቱት አራት ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሆነበት የምዕራብ ጠረፍ የስፖርት ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ወጥቶ፣ መሠረቱ መካከለኛው ምዕራብ የሆነውን ቢግ ቴንን እንደሚቀላቀል አስታወቀ (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዕለት የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ አብሮት ወጣ፤ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታም ቢግ 12 ወደሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ሄዱ። የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ መውጣታቸውን ያስታወቁት ከዚያ ዓመት አስቀድሞ ነበር፤ ኮሎራዶም ከእነ ዋሽንግተን በቀናት ቀድሞ ሄዷል። ሴፕቴምበር 1 ቀን በርክሌይና ስታንፎርድ የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ አባል ሲሆኑ፣ ፓክ 12 በመባል ይታወቅ ከነበረው አንጋፋ ማኅበር ውስጥ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሬገን ስቴት ብቻ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሃስኪስ የሚባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ደጋፊዎች በሚገናኙበት ሁሉ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ይዘን ጨዋታ በምንከታተልባቸው ቤቶችም ጭምር፣ አንድ ፍርድ ተደጋግሞ ይሰማል፤ የኮሌጅ ፉትቦል ሞቷል፣ የገደለውም ለተጫዋቾች መከፈል የጀመረው ገንዘብ ነው የሚል። ይህን ቡድን ከ1991 ጀምሮ የተከተልሁ ሰው እንደመሆኔ ኀዘኑን እጋራለሁ፣ ፍርዱን ግን አልቀበልም። በእኔ እምነት በአንድ ወቅት የደረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውብናል፤ አንደኛው ለብዙ ዘመን የዘገየ ፍትሕ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን በእርግጥ የደረሰብን ጉዳት ነው። ሁለቱን ለይተን ካላየን ጥፋቱን ያላጠፉት ወጣቶች ላይ እየጫንን፣ ሊጠገን የሚችለውንም ሳንጠግን እንቀራለን።

ሲያትል የገባሁት በዚያው በ1991 መጸው ነው። ካርቱም ውስጥ ሦስት ዓመት ቆይቼ መጥቼ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ መቀበል ነበር። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ማለዳ፣ ሐምራዊና ወርቃማ የለበሱ ሰዎች መኪናቸውን ደርድረው፣ የኋላውን በር ከፍተው፣ ከሰል አያይዘው ሥጋ ሲጠብሱ፣ ልጆቻቸውም በመኪኖቹ መካከል ያንን ሞላላ ኳስ ሲወራወሩ አይ ነበር። ቴልጌት የሚሉት ይህ ድግስ ከጨዋታው ቀድሞ ገባኝ፤ ከቤቱ ምግብ ይዞ መጥቶ አጠገቡ ላለ ለማያውቀው ሰው የሚያካፍል ሰው ሲያይ፣ በማኅበርና በሰንበቴ ያደገ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ተነሥተው ይሄዳሉ፣ እኔ መኪኖቹን እየጠበቅሁ እቀራለሁ።

ስለዚህ ጨዋታውን የተማርሁት በጆሮዬ ነው። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ የሚጮኸው ቡድኑ ነጥብ ሲያስቆጥር ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ለሦስትና ለአራት ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚዘልቀው ጩኸት ግራ ያጋባኝ ነበር። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ተማሪ አስረዳኝ፤ አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ውስጥ ቢያንስ አሥር ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፣ ካልቻለ ኳሱን ያጣል፤ አጥቂውን የሚመራው ኳርተርባክ ደግሞ ለጓደኞቹ ትእዛዝ የሚሰጠው በአፉ ነው። ስለዚህ ደጋፊው የሚጮኸው ባላጋራው እያጠቃ ሳለ እንዳይደማመጥ ለማድረግ ሲሆን፣ ኳሱ በራሱ ቡድን እጅ ሲገባ ግን ጸጥ ይላል። ከዚያ ቀን በኋላ በማቆሚያዬ ቆሜ፣ ጩኸት ሲነሣ እነሱ እያጠቁ ነው፣ ጸጥታ ሲወርድ ኳሱ በእኛ እጅ ነው እያልሁ እከታተል ነበር። «በእኛ» ማለት የጀመርሁበትን ቀን አላስታውስም።

ድምፁ ያን ያህል ርቆ ይሰማኝ የነበረበት ምክንያት አለው። በ1920 ተሠርቶ የተከፈተው ሃስኪ ስታዲየም የዋሽንግተን ሐይቅ ዳርቻ ላይ ስለተቀመጠ ከደጋፊው ብዙው በጀልባ ይመጣል፣ ጀልባውንም ከስታዲየሙ አጠገብ አስሮ ድግሱን እዚያው ውኃው ላይ ያደርጋል። በሁለቱ ረዣዥም ጎኖች ላይ ያሉት መቀመጫዎች በትልልቅ ጣሪያዎች የተሸፈኑ በመሆናቸው የ70 ሺህ ሰው ጩኸት ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ሜዳው ይመለሳል። በ1992 ኔብራስካ በመጣበት ሌሊት የቴሌቪዥን ሠራተኞች የለኩት ድምፅ 133.6 ዴሲቤል ነበር። ያን ሌሊትም ሥራ ላይ ነበርሁ፤ የገንዘብ መቀበያዋ ትንሽ ቤት መስኮት ሲንቀጠቀጥ እጄን አስደግፌ ይዤው ነበር።

እኔ በመጣሁበት ዓመት ቡድኑ የሚሸነፍ አልነበረም። በአሰልጣኝ ዶን ጄምስ መሪነት 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም አሸነፈ፤ የተከላካይ መስመሩ ምሰሶ ስቲቭ ኤምትማን በቀጣዩ ዓመት የፕሮፌሽናል ሊጉ ድራፍት (ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) የመጀመሪያ ተመራጭ ሆነ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ሮዝ ቦል በሚባለው የወቅት ማብቂያ ጨዋታ ሚሺጋንን 34 ለ14 ረትቶ፣ አሰልጣኞች በሚሰጡት ድምፅ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። በጋዜጠኞቹ ድምፅ የተመረጠው ማያሚ በመሆኑ ማዕረጉን ሁለቱ ተካፈሉት። ደስታው ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በኦገስት 1993 ኮንፈረንሱ በደንብ ጥሰት ምክንያት ቡድኑን ከወቅቱ ማብቂያ ጨዋታዎች ለሁለት ዓመት ሲያግደው፣ ቅጣቱ ተጫዋቾቹን ይጎዳል ያለው ጄምስ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ጥሩም መጥፎም ዓመታት መጡ፤ ከሁሉም የከፋው ግን 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም የተሸነፈበት 2008 ነው።

የወቅት ትኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁት በዚያ ዓመት ነው። ኑሮዬ የተደላደለው ያኔ ስለነበር እንጂ የተለየ ጽናት ስለነበረኝ አይደለም፤ ሆኖም ያ ዓመት ስለ ደጋፊነት ያስተማረኝን ሌላ ዓመት አላስተማረኝም። በዝናብ ውስጥ ሽንፈት እያየን አጠገቤ ከሚቀመጡት ቤተሰብ ጋር ተዋወቅን፤ የልጆቻቸውን ምረቃ አይቻለሁ፣ የእናቴን ሞት አጽናንተውኛል። በቀጣዩ መስከረም፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2009፣ በአገሪቱ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የነበረው ዩኤስሲ መጣ። በጄክ ሎከር የተመራው የመጨረሻ ጥቃት ኳሱን እስከ ባላጋራው ጎል አፍ አደረሰው፤ ሦስት ሴኮንድ ሲቀር በእግር የተመታችው ኳስ በምሰሶዎቹ መካከል ስታልፍ ውጤቱ 16 ለ13 ሆነ፣ ሕዝቡም አጥሩን አልፎ ሜዳውን ሞላው። ያ ድል ያን ያህል የከበደው ዩኤስሲ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። በአንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ሆነን ስንገናኝ የኖርን፣ ያሸነፈንበትን ዓመት ሁሉ የምናስታውሰው፣ ደጋፊዎቹን በፊታቸው የምናውቃቸው ጎረቤታችን ስለሆነ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ትርጉሙን የሚያገኘው ከዚህ መደጋገም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ የጠፋውና ያልጠፋው የሚለየውም በዚህ ሚዛን ነው።

በዚህ ሚዛን ክፍያው ምን አጠፋ? አሜሪካ ውስጥ ላልኖረ አንባቢ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ቡድን አሰልፎ 70 ሺህ ሰው የሚሞላ ስታዲየም ማስተዳደሩ፣ አሰልጣኙም ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት እጅግ የሚበልጥ ደመወዝ ማግኘቱ እንግዳ ነገር ነው። ለረጅም ዘመን የነበረው ደንብ ተጫዋቹ አማተር ስለሆነ ከትምህርት፣ ከመኝታና ከምግብ ወጪው በቀር ምንም እንዳይቀበል የሚያዝ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ በነበረበት ጊዜ ይህ ደንብ ሊያስማማ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ባቀረቡት ክስ፣ ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የቴሌቪዥን ሽያጩን ብቻውን መቆጣጠሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮንፈረንሶች የስርጭት መብታቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ፤ ገቢውም ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄደ። ገበያው ለሁሉም ሲከፈት ተዘግቶበት የቀረው ሜዳ ላይ የሚወድቀውና የሚሰበረው ልጅ ብቻ ነበር።

ዋረን ሙንን እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ይለኛል። ከ1975 እስከ 1977 የሃስኪስ ኳርተርባክ ሆኖ ሲጫወት በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የገዛ ስታዲየሙ ደጋፊዎች ይጮኹበት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ቡድኑን ለሮዝ ቦል አብቅቶ ጃንዋሪ 1978 ሚሺጋንን 27 ለ20 አሸነፈ፣ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። ከዚያ በኋላ አንድም የፕሮፌሽናል ቡድን በድራፍት አልመረጠውም፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ቡድን መምራት አይችልም የሚል እምነት ሥር ሰዶ ነበር። ወደ ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር አምስት ዋንጫ በተከታታይ ካነሣ በኋላ ነው አሜሪካ የተቀበለችው፤ በ2006 የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ሲገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ሙን ለዩኒቨርሲቲው ያመጣው ክብርም ገቢም ነበር፣ ደንቡ ግን ከዚያ ድርሻ አልሰጠውም። ያን ጊዜ ጨዋታው ንጹሕ ነበር የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ንጽሕናው ለማን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ደንቡ የፈረሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ጁን 21 ቀን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ፣ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን መገደብ የውድድር ሕግን ይጥሳል ሲል ወሰነ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ጁን 6 ቀን 2025 የጸደቀው የክስ ስምምነት ደግሞ ለቀድሞ ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ በአሥር ዓመት እንዲከፈል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲያካፍሉ ፈቀደ። የዝውውር ነጻነትም አብሮ መጣ፤ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይሰለፍ መቀመጥ ነበረበት፣ ከ2021 ወዲህ አንዴ፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ እስከቀጠለ ድረስ በፈለገው ጊዜ መዛወር ይችላል።

ይህ ነጻነት ባይኖር የሕይወቴን ምርጥ የውድድር ዘመን አላየውም ነበር። ማይክል ፔኒክስ ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ አራት ተከታታይ ዓመታትን በጉዳት ሳይጨርስ የቀረ፣ ጉልበቱም ትከሻውም የተጠገነ ልጅ ነበር። ሲያትል ተቀበለችው፤ በ2023 ቡድኑን ይዞ 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ኦክቶበር 14 ቀን ኦሬገን በመጣበት ቀን፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ለሮም ኦዱንዜ የላካት ኳስ ተችዳውን (ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ ውጤት) ሆና 36 ለ33 ስናሸንፍ፣ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የነበረችው ልጄ ከተማሪዎቹ መቀመጫ ስልክ ደውላ አንዲት ቃል ሳትናገር ጩኸቱን ብቻ አሰማችኝ። በግማሽ ፍጻሜው፣ በሹገር ቦል፣ ቴክሳስን 37 ለ31 አልፈን ለፍጻሜ ደረስን፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ሂውስተን ላይ በሚሺጋን 34 ለ13 ተሸነፍን። በአራተኛው ቀን አሰልጣኙ ኬለን ዲቦር ወደ አላባማ ሄደ። መብቱ ነው፣ አልወቅሰውም። ነገር ግን አሰልጣኝ ሲሄድ ሥራ ቀየረ የምንለውን ተጫዋች ሲያደርገው ከዳ የምንል ከሆነ፣ ሁለት ሚዛን ይዘናል።

በእርግጥ የዛሬው ሥርዓት ችግር የለበትም አልልም። ተጫዋቾች በየዓመቱ ሲቀያየሩ ስማቸውን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አይገኝም፤ አንድ ልጅ ሲያድግ ለአራት ዓመት የመከተል ደስታ ቀንሷል። የዚህ መፍትሔ ግን ክፍያውን መከልከል ሳይሆን ክፍያውን በሥርዓት መያዝ ይመስለኛል፤ ተጫዋቾች ተደራጅተው የሚደራደሩበት፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚያስር ውል በፈቃዳቸው የሚፈርሙበት መንገድ ቢኖር፣ ዩኒቨርሲቲውም ደጋፊውም ልጁም ይጠቀማሉ። የሕጉ ዓለም እስካሁን የዘገየው ተጫዋቹን ሠራተኛ ብሎ መጥራት ስለከበደው ነው።

ኮንፈረንሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፓክ 12ን ያፈረሰው የተጫዋች ደመወዝ አይደለም፤ ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ በ2022 መውጣታቸውን ሲያስታውቁ ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋች በቀጥታ የሚከፍለው ድርሻ ገና አልተፈቀደም ነበር። ያፈረሰው የቴሌቪዥን ገበያ ነው። ቢግ ቴን በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ ውል ሲፈርም፣ የሎስ አንጀለስን ገበያ ያጣው ፓክ 12 ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ለአባላቱ ማቅረብ የቻለው በዋናነት በአፕል የክፍያ ስርጭት ላይ የተመሠረተ፣ ገቢውም በተመዝጋቢ ቁጥር የሚወሰን ስምምነት ነበር። ዋሽንግተንና ኦሬገን ቢግ ቴን የገቡት እንኳ በሙሉ ድርሻ ሳይሆን በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚጀምር ከፊል ድርሻ ነው።

የዩኒቨርሲቲያችንን አስተዳደር በስግብግብነት ብቻ መክሰስ ይቀላል፣ እኔም በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያ አደርግ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከሃያ በላይ የሆኑት የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዓይነቶች፣ በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው የቀዘፋ ቡድን የተገኘበት ክፍል ጭምር፣ በአብዛኛው የሚተዳደሩት ፉትቦል በሚያስገባው ገንዘብ ነው፤ በ2013 ታድሶ የተከፈተው ስታዲየም ራሱ 280 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሲወጡ ብቻውን ቢቀር ኖሮ የዋሽንግተን ስቴት ዕጣ ይደርሰው ነበር። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ትክክል የሆነውን ሲመርጥ፣ የምርጫዎቹ ድምር ማንም ያልፈለገው ሆነ። ይህ የአንድ ሰው ክፋት ሳይሆን የጋራ ንብረትን የሚጠብቅ አካል ያለመኖር ውጤት ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ያ ወንበር ባዶ ነው።

የመጀመሪያው የቢግ ቴን ዓመት ምን እንዳሳየን እንመልከት። በ2024 ሃስኪስ ስድስት ጨዋታ አሸነፈ፣ ስድስቱንም በገዛ ስታዲየሙ፤ በፍጻሜ ያሸነፈንን ሚሺጋንን እንኳ በኦክቶበር 27 ለ17 ረታነው። ከቤቱ ወጥቶ ግን ሩትገርስ፣ አይዋ፣ ኢንዲያና፣ ፔን ስቴትና ኦሬገን ዘንድ የተጫወታቸውን አምስቱንም የኮንፈረንስ ጨዋታዎች ተሸነፈ። ለዚህ ርቀትን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ትክክል አይሆንም፤ ከፍጻሜው ቡድን አሥር ተጫዋቾች በድራፍት ተመርጠው ሄደዋል፣ አዲሱ አሰልጣኝ ጄድ ፊሽም ቡድኑን ከሞላ ጎደል ከአዲስ ነው የገነባው፣ ጠንካራ ቡድንን በሜዳው ማሸነፍም ሁልጊዜ ከባድ ነው። ሆኖም ከሲያትል ሩትገርስ እስካለበት ኒው ጀርሲ በአየር ከ3,800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ርቀት ነው፣ የሦስት ሰዓት ልዩነትም አለው። ፉትቦል ይህን የሚሸከመው በሳምንት አንድ ጊዜ በልዩ አውሮፕላን ነው። የመረብ ኳስና የሶፍትቦል ተጫዋች የሆነችው ተማሪ ግን በሥራ ቀን ተጉዛ፣ በአንድ ጉዞ ከአንድ በላይ ጨዋታ ተጫውታ፣ በማግስቱ ፈተና ላይ መቀመጥ አለባት፤ ቴሌቪዥኑ የከፈለው ለእሷ ጨዋታ አይደለም፣ ጉዞው ግን እሷንም ያዛታል።

ለደጋፊው ደግሞ ጉዳቱ ይበልጥ በዝምታ የመጣ ነው። ድሮ የኦሬገን፣ የኦሬገን ስቴትና የዋሽንግተን ስቴት ከተሞች ዩጂን፣ ኮርቫሊስና ፑልማን በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ የሚያስኬዱ ነበሩ፤ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ሌሊት ተነሥተን በሦስትና በአራት መኪና እንሄድ ነበር። ፑልማን የመጀመሪያ ጉዞዬ በኖቬምበር 1992 ለአፕል ካፕ ነው። ከ1900 ጀምሮ የሚገናኙት ሁለቱ የግዛቲቱ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1962 ወዲህ የሚፋለሙበት ዋንጫ ስሙን ያገኘው ከዋሽንግተን ፖም ነው። ከተማዋን የከበቡት የስንዴ ኮረብታዎች አርሲን ላየ ሰው ልብ የሚነኩ ናቸው። ያን ቀን በረዶ ስለጣለ ኮረብታውም ሜዳውም አልታየንም፤ ዋሽንግተን ስቴት 42 ለ23 አሸነፈን፣ ተቀባያቸው ፊሊፕ ቦቦ ኳሷን ይዞ ከሜዳው ጠርዝ የበረዶ ክምር ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ተሸንፈን ስንወጣ መኪናችን በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበርና ገፍተው ያወጡልን የባላጋራችን ደጋፊዎች ናቸው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ከአንዱ ቤተሰብ ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን።

ኒው ጀርሲ ሄጄ እንዲህ ያለ ወዳጅ ላፈራ አልችልም፤ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ በየሁለት ዓመቱ ተመልሼ ስለማልሄድ ነው። ቢግ ቴን አሁን 18 አባላት ስላሉት አንዱን ባላጋራ ደግሞ ለማየት ዓመታት ያልፋሉ። ጨዋታው ይታያል፣ ጥራቱም ከድሮው ይበልጥ ይሆናል፤ የሚያስታውሱት ነገር ግን አይጠራቀምም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ያዩ ደጋፊዎች አሉ። በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መጫወት ያዙ። ዓለም ሁሉ ሊያያቸው ቻለ፣ ክለቦቹም የሚያስፈልጋቸውን ገቢ አገኙ፤ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ግን ከሰፈሩ በእግሩ ተነሥቶ እየዘፈነ ስታዲየም የሚገባበትን ቀን ናፈቀ። ምክንያቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ የስታዲየም ጥራትም የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም በሁለቱም ቦታ ካሜራው ያገኘውን ጨዋታ የከተማው ሰው አጥቷል።

ስለዚህ የሚጠገነው ምንድን ነው? የተጫዋቹን ክፍያ መልሶ መውሰድ ፓክ 12ን አይመልስም፤ ሁለቱ የቀሩት ዩኒቨርሲቲዎች ቦይዚ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትንና ሌሎችን ጨምረው ስሙን ለማቆየት መነሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ቢሆንም፣ የድሮው ስብስብ አይደለም። ሊደረግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። ፉትቦልን በቢግ ቴን አስቀምጦ ሌሎቹን ስፖርቶች ከጎረቤት ጋር ማጫወት ይቻላል፤ የርቀቱ ገንዘብ የሚመጣው ከፉትቦል ስለሆነ ሌላውን ማጓጓዝ የሚያስገድድ የገበያ ምክንያት አይታየኝም። ሁለተኛው ነገር በግዛቲቱ ሕዝብ እጅ ያለ ነው። ሁለቱም የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ የአስተዳደር ቦርዶቻቸውን አባላት የሚሾመው የግዛቲቱ ገዢ ነው፤ አፕል ካፕ በየዓመቱ እንዲካሄድ፣ ቢቻል ወደ ኖቬምበር መጨረሻ እንዲመለስ፣ ከቴሌቪዥን ውል በላይ የሆነ ግዴታ ሊጣልባቸው ይገባል። ለዚህ ድምፃችንን ማሰማት፣ ልጆቻችን የሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ፣ የእኛም የኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ጉዳይ ነው።

ኖቬምበር 25 ቀን 2023 በፓክ 12 ጥላ ሥር የተካሄደው የመጨረሻው አፕል ካፕ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ በግሬዲ ግሮስ እግር በተመታች ኳስ 24 ለ21 ተጠናቀቀ። ግሮስ እስከዚያ ቀን የትምህርት ወጪውን ራሱ የሚከፍል ተጫዋች ነበር፤ ስኮላርሺፕ እንደተሰጠው አሰልጣኙ የነገረው በዚያው ምሽት መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ወደ ሴፕቴምበር ተዛውሯል፣ የወቅቱ መዝጊያ ቅዳሜም ለኦሬገን ተሰጥቷል። በ2024 ሲያትል ላይ ዋሽንግተን ስቴት 24 ለ19 አሸነፈ። በ2025 ለጨዋታው ወደ ፑልማን ስነዳ ስንዴው ታጭዶ ኮረብታው ገለባ ብቻ ነበር፣ ፀሐይዋም ታቃጥል ነበር፤ 59 ለ24 አሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ የ1992ቱ ወዳጆቼ መኪናቸውን ባቆሙበት ቦታ የተረፈውን ሥጋ እየበላን ስለ ቀጣዩ ተነጋገርን። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት እስከ 2028 ነው፤ ያን ዕለት የቀሩን ጨዋታዎች ሦስት ነበሩ።